ምጣዱ ለምን ነዘረ? በድሬዳዋ የአንድ መኖሪያ ቤት የሃይብሪድ ኢንቨርተር የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ባለ አንድ ግቢ እንጀራ የምትጋግረው ሴት በግንቦት ወር ለሦስተኛ ጊዜ «ምጣዱ ነዘረኝ» አለች። ምጣዱ ተቀየረ፤ አዲሱም ነዘራት። ከሦስት ወር በፊት ቤቱ ሶላር አስገብቷል፤ ምጣዱ ግን ከቆጣሪው በቀጥታ በሚመጣው መብራት ስለሚሠራ ከሶላሩ ጋር የሚነካካ አይመስልም። ስለዚህ ማንም ሁለቱን ነገር አላገናኘም። የግቢው ሰው ምጣድ ሻጩን ሲወቅስ ከረመ።

ይህ ጉዳይ መመዝገብ ያለበት ኢንቨርተሩም (የፓኔልንና የባትሪን ኮረንቲ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ማሽን)፣ ባትሪውም፣ ምጣዱም ደህና ስለነበሩ ነው። ጥፋቱ ያለው ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ፣ በአንዲት ከስንዝር በማትበልጥ ሽቦ ላይ ነበር። ሽቦዋም የገባችው ሌላ ችግር ለመፍታት ነው።

ቤቱና ጭነቱ

ቤቱ አራት ክፍል ያለው ቪላ ሲሆን ከኋላው ማድ ቤትና ዕቃ ቤት ያለበት ሰርቪስ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መብራቱ ሲንግል ፌዝ 220 ቮልት፣ ቆጣሪው ባለ ካርድ። ቤተሰቡ ሶላር የፈለገው በሙቀቱ ወራት መብራት ሲሄድ ፋንና ፍሪጅ እንዳይቆሙበት ነው። በድሬ ሙቀት ፋን የቆመበት ሌሊት ምን እንደሚመስል ለኖረበት ሰው አይነገረውም።

ለአንድ ሳምንት በመለኪያ ተይዞ የተገኘው የአንድ ቀን ፍጆታ ይህ ነው፦ ፍሪጅ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት፤ ዲፕ ፍሪዝ 2.2፤ ሦስት የጣሪያ ፋን (እያንዳንዱ 70 ዋት፣ 12 ሰዓት) 2.5፤ ሁለት የቁም ፋን 0.8፤ አምፖሎች 0.45፤ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር 0.6፤ ዋይፋይ 0.24፤ ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ 0.55። ድምሩ ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 5.5 ያህሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይበላል።

ምጣዱ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ነው። ከባክአፑ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ ከሚያሠራቸው መስመሮች፣ ውጭ እንዲቀር መወሰኑ ትክክል ነበር። 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምጣዱን መሸከም ይችላል፤ ነገር ግን የሁለት ሰዓት ጋገራ አንድ ሙሉ ባትሪ ይጨርሳል።

መጀመሪያ የተገጠመው

ባለ 5 ኪሎዋት፣ 48 ቮልት ሃይብሪድ ኢንቨርተር፤ አንድ ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፤ ስድስት ባለ 550 ዋት ፓኔል በአንድ መስመር።

በፓኔሉ በኩል የሚነቀፍ ነገር የለም። ስድስቱ በተከታታይ ሲያያዙ ጭነት ሳይኖር ወደ 298 ቮልት ይሰጣሉ፤ የማሽኑ ጣሪያ 500 ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ጥቂት ቢጨምርም አያሰጋም። ሙቀት ሲበዛ የሥራ ቮልቴጁ ከ250 ወደ 215 አካባቢ ይወርዳል፤ እሱም ማሽኑ ከሚፈልገው 120 በላይ ነው። ዘንበል ያሉት 10 ዲግሪ፣ ፊታቸው ወደ ደቡብ ነው፤ ከቆርቆሮው በ12 ሳንቲሜትር ከፍ ብለዋል። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከዚህ በላይ ማዘንበል አያስፈልግም። ከዚህ በታች ደግሞ አቧራው በዝናብ አይታጠብም።

የባትሪው ስሌት ግን ገና ከወረቀቱ የተሳሳተ ነበር። 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ላይ 80 በመቶውን ብቻ እንጠቀም ካልን 4.1 ይቀራል። ከዲሲ (የባትሪው ኮረንቲ) ወደ ኤሲ (የቤቱ መብራት) ሲቀየር 10 በመቶ ያህል ይጠፋል። ማሽኑ ራሱ ባዶውን ሲሠራ የሚበላው 50 ዋት በ12 ሰዓት 0.6 ይሆናል። ለቤቱ የሚደርሰው 3.1 ያህል ነው፤ ሌሊቱ የሚፈልገው 5.5። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ፋኖቹ ይቆማሉ። ባለቤቱ «ባትሪው ፎርጅድ ነው» ይል ነበር፤ ባትሪው ግን ያለውን ሁሉ ሰጥቷል።

ሦስት ጥገና፣ አንዱ ሌላውን እየወለደ

ገጣሚው ባክአፕ የሚፈልጉትን መስመሮች ለመለየት ፌዛቸውን (ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ) ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ አውጥቶ ከኢንቨርተሩ መውጫ ጋር አገናኘ። ኒውትራሎቹን (መመለሻ ሽቦዎቹን) በነበሩበት፣ በጋራው የኒውትራል ባር ላይ ተዋቸው። የመስመር መብራት ሲኖር ሁሉም ነገር ሠራ። መብራት ሲሄድ ግን ኢንቨርተሩ በርቶ፣ ስክሪኑ 230 ቮልት እያሳየ፣ ቤቱ ጨለማ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ይህ ማሽን ወደ ባትሪ ሲዞር ከመስመር የሚለየው ፌዙን ብቻ አይደለም፤ ኒውትራሉንም ይቆርጣል። ከኢንቨርተሩ ወጥቶ አምፖሉ ጋ የደረሰው ኮረንቲ የሚመለስበት ኒውትራል የተቆረጠው ባር ላይ ነው። መመለሻ ከሌለ አይፈስም። በሶኬት ላይ የተደረገው ሙልቲሜትር 80 እና 90 ቮልት እያለ ይዋልል ነበር። እንዲህ ያለ ንባብ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተንሳፈፈ ኒውትራል ነው።

ሁለተኛው ጥገና፦ ገጣሚው የኢንቨርተሩን የመውጫ ኒውትራል ከመግቢያ ኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘ። ቤቱ በራ፤ ሁሉም ተደሰተ። ከዚያ በኋላ ግን ምጣድ በተለኮሰ ቁጥር ዋናው የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር፣ ማለትም ኮረንቲ ወደ መሬት ሲፈስ የሚያጠፋው ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ አርሲዲ፣ ይወርድ ጀመር። ሁልጊዜ አይደለም፤ ኢንቨርተሩ ቤቱን በሶላር ወይም በባትሪ በሚያሠራበት ሰዓት ብቻ።

ሦስተኛው ጥገና፦ «አርሲዲው ተበላሽቷል» ተባለና ተነስቶ በቦታው ተራ ብሬከር ገባ። መውረዱ ቆመ፤ መንዘሩ ጀመረ።

ምርመራው

የተመረመረው በምሽት፣ ችግሩ በሚታይበት ሰዓት ነው። በቀን ቢሆን ኖሮ ችግሩ ጎልቶ ላይታይ ይችል ነበር።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ የመስመሩ ቮልቴጅ ምጣዱ በርቶ 175 ነበር። (በዚህ ቮልቴጅ 3.5 ኪሎዋት የተባለው ምጣድ የሚሰጠው ወደ 2.2 ብቻ ነው፤ የእንጀራው ዓይን አልወጣ ያለው ለዚህ እንጂ ሊጡ ጥፋት አልነበረበትም።) ረጅም ካቻቢቴ ግቢው ውስጥ እርጥብ አፈር ላይ ተተከለና በእሱና በምጣዱ ብረት መካከል ተለካ።

ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሠራ፣ ምጣዱ በርቶ፦ 22 ቮልት።
ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሠራ፣ ምጣዱ ጠፍቶ፦ 9 ቮልት።
ኢንቨርተሩ ወደ መስመር ሲዞር፣ ምጣዱ እንደበራ፦ ከ1 ቮልት በታች።

ሦስተኛው ንባብ ጉዳዩን ቋጨው። በአንደኛውና በሦስተኛው ንባብ ምጣዱ የሚያገኘው ያንኑ የመስመር መብራት ነው፤ የተለወጠው ኢንቨርተሩ ብቻ ነው።

ይህ ማሽን በባትሪ ሲሠራ የመውጫ ኒውትራሉን ከመሬት ሽቦ (የዕቃዎችን ብረት ከተቀበረ ዘንግ ጋር ከሚያያዘው) ጋር የሚያገናኝ ሪሌይ፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ውስጡ አለ። የሪሌዩ ዓላማ ጥሩ ነው፤ ያለ እሱ በባክአፕ ጊዜ አርሲዲ የመሬት ፍሳሽን አይለይም። ነገር ግን በአጭሯ ሽቦ ምክንያት የመውጫው ኒውትራል ማለት የመስመሩም ኒውትራል ሆኗል። ስለዚህ ሪሌዩ ሲሠራ የመስመሩ ኒውትራል ከቤቱ መሬት ሽቦ ጋር ይገናኛል። የመስመሩ ቮልቴጅ ከ220 ወደ 175 ሲወርድ ከጠፋው 45 ቮልት ከፊሉ የጠፋው በኒውትራሉ ላይ ነው፤ በቤቱ ጫፍ ኒውትራሉ ዜሮ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። ያ 22 ቮልት በመሬት ሽቦው አድርጎ ምጣዱም፣ ፍሪጁም፣ ፓምፑም ብረት ላይ ይወጣል። ፍሪጅ የሚነካው ጫማ ያደረገ ሰው ነው። ምጣድ የሚነካው እጁ ሊጥ የነካው፣ ብዙ ጊዜ ባዶ እግሩን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ነው።

በመሬት ሽቦው ላይ የተደረገው የፍሳሽ ክላምፕ ሜትር 120 ሚሊ አምፔር አሳየ። የተቀበረው ዘንግ 60 ሳንቲሜትር ብቻ ሲሆን በደረቅ አሸዋማ አፈር ውስጥ 180 ኦም ይዟል። 22 ለ180 ሲካፈል 0.12 አምፔር ይመጣል፤ ልኬቱና ስሌቱ ገጠሙ። ከ30 አራት እጥፍ ስለሆነ አርሲዲው መውደቁ ትክክለኛ ሥራው ነበር። የተባረረው እውነቱን ስለተናገረ ነው።

በዚያው ምሽት ሁለት ሌላ ነገር ተገኘ። የባትሪው ኬብል 16 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ካፖኮርዳውም (የኬብሉ ጫፍ ማያያዣ) የተጨመቀው በመጭመቂያ ሳይሆን በፒንሳ ነው። በ2 ኪሎዋት ጭነት ጫፉ 78 ዲግሪ ደርሷል፤ ፕላስቲኩም ቡናማ ሆኗል። ሁለተኛው የባትሪው ሴቲንግ ነው፦ እንደ ውሃ ባትሪ ተቆጥሮ 58.4 ቮልት ድረስ እንዲሞላ ተደርጓል። ያ ለእያንዳንዱ ሴል 3.65 ነው፤ የባትሪው የራሱ መቆጣጠሪያ እዚያ ላይ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ «ባትሪው በራሱ ጠፋ» የሚባለው ይህ ነበር።

የተሠራው

መጀመሪያ የፓኔል ብሬከር፣ ቀጥሎ የመስመር፣ መጨረሻ የባትሪ ጠፋ። የፓኔሉ ኬብል ፀሐይ እስካለች ድረስ ሕይወት አለው፤ ብሬከር ማጥፋት ከብሬከሩ በላይ ያለውን አይገድልም። የጣሪያው ሥራ ስለሌለበት ጫፎቹ ተሸፍነው ተተዉ።

ከምንም በፊት የተረጋገጠው ማሽኑ በእርግጥ ኒውትራል የሚቆርጥ መሆኑ ነው። የመግቢያው ሽቦዎች ሁለቱም ተነቅለው፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ በመግቢያና በመውጫ ኒውትራል መካከል ሙልቲሜትሩ አልጮኸም። ቢጮህ ኖሮ መፍትሔው ሌላ ይሆን ነበር፦ ኒውትራል የማይቆርጥ ማሽን ላይ የመሬት ሪሌዩን ማጥፋት ግድ ነው።

ከዚያ አጭሯ ሽቦ ተነሳች፤ ሁለተኛ የኒውትራል ባር ገባ። የባክአፑ መስመሮች ፌዛቸውንም ኒውትራላቸውንም ከኢንቨርተሩ መውጫ ብቻ እንዲያገኙ ተደረገ። አንድ መስመር ላይ ተጽፎ የሚያልቀው ይህ ሥራ ቀኑን ሙሉ ወሰደ። ባሩ ላይ 11 ኒውትራል ነበር፤ የትኛው የየት እንደሆነ የተጻፈበት አንድም የለም። እያንዳንዱ እየተነቀለ በሙልቲሜትር እስከ ክፍሉ ተፈለገ። ሁለቱ የተዋሱ ሆነው ተገኙ፦ የሳሎኑ ሶኬትና የማድ ቤቱ አምፖል ፌዛቸው የተለያየ፣ ኒውትራላቸው አንድ ነው። የማድ ቤቱ አምፖል ወደ ባክአፑ ተዛወረ፤ ለሌላኛው አዲስ ሽቦ ተሳበ። የመጀመሪያው ገጣሚ አቋራጭ የመረጠው ይህን አይቶ ሳይሆን አይቀርም፤ በአንድ ቀን ዋጋ የሁለት ቀን ሥራ ተሰጥቶት ነበር።

አርሲዲ ሁለት ሆነ፦ አንዱ በዋናው መስመር ላይ ለምጣዱና ለቀሩት፣ አንዱ ከኢንቨርተሩ መውጫ በኋላ ለባክአፑ። ሁለቱም 30 ሚሊ አምፔር ናቸው።

መሬት፦ ሁለት ባለ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ በ3 ሜትር ርቀት ተቀበረ። ቦታው የገላ መታጠቢያው ውሃ ከሚፈስበት አጠገብ ተመረጠ፤ በዚህ ከተማ አፈሩ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ እርጥበት ያለበትን መፈለግ ከዘንጉ ዋጋ በላይ ይጠቅማል። 38 ኦም ተገኘ። ጨው አልተጨመረም፤ ለጊዜው ንባቡን ያሳምራል፣ ዘንጉን ግን ይበላል።

ዲሲ፦ 5 ኪሎዋት በ48 ቮልት፣ የማሽኑ ብክነት ሲታከል፣ ከ110 አምፔር በላይ ነው። ኬብሉ 35 ካሬ ሚሊሜትር ሆነ፤ ካፖኮርዳው በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ተጨመቀ፤ ቡሎኑ በቶርክ ቁልፍ ጠበቀ። ለእያንዳንዱ ባትሪ ባለ 125 አምፔር የዲሲ ፊዩዝ ገባ። ቀድሞ የነበረው የኤሲ ብሬከር ነው። ኤሲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብልጭታው በራሱ ይጠፋል፤ ዲሲ ግን ዜሮ የለውም፣ ብልጭታው ብሬከሩን እስኪያቀልጥ ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛ ባትሪ ተጨመረ። ከመያያዛቸው በፊት ሁለቱም ለየብቻ ሙሉ ተሞልተው ቮልቴጃቸው በ0.1 ውስጥ መቀራረቡ ታየ። ፖዘቲቩ ከአንደኛው፣ ኔጋቲቩ ከሁለተኛው ተወሰደ፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሠራሉ። አሁን ለሌሊቱ የሚደርሰው 6.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ቦታ፦ ባትሪውና ኢንቨርተሩ ከቆርቆሮው ዕቃ ቤት ወጡ። እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት 46 ዲግሪ ተለክቷል፤ የቤቱ ኮሪደር ግን 33 ነበር። ከኢንቨርተሩ ጎን 20፣ ከላይና ከታች 50 ሳንቲሜትር ክፍት ተተወ። የፋኑ ድምፅ ሌሊት ይሰማል፤ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ሳምንት አጉረምርሞ ለምዶታል።

ያልተሳካው

የምሽቱ ዝቅተኛ ቮልቴጅ አልተፈታም። ማሽኑ ከ170 ቮልት በታች ሲያይ መብራት እንደሄደ ቆጥሮ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ጎረቤት መብራት እያለው ይህ ቤት ባትሪ ይበላል። መግቢያውን ሰፊ አድርጎ እስከ 90 ቮልት እንዲቀበል የሚያደርግ ሴቲንግ አለ። ለሦስት ቀን ተሞከረ። በሁለተኛው ቀን ምሽት ዲፕ ፍሪዙ በ160 ቮልት መነሳት አቅቶት እያጉረመረመ ቆመ። ሰፊው ሴቲንግ ቮልቴጁን አያስተካክልም፤ እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። ወደ 170 ተመለሰ፤ ምሽቱን ሁለቱ ባትሪዎች ይሸከሙት ተባለ። አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ላለው ቤት ሰፊው ይሻላል፤ ኮምፕረሰር ላለው ቤት አይሻልም።

ባትሪውንና ኢንቨርተሩን በሚያነጋግረው ገመድም ግማሽ ቀን ጠፋ። መሰኪያው የኔትወርክ ገመድ ስለሚመስል ተራ የኔትወርክ ገመድ ተሰካ፤ አልተነጋገሩም። በሁለቱ ጫፍ የሽቦዎቹ ቦታ ይለያያል፤ ሁለቱም መመሪያ ተነብቦ አንዱ ጫፍ እንደገና ተሠራ። ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ያለ ገመዱ ግን ማሽኑ የባትሪውን ልክ የሚገምተው በቮልቴጅ ነው። የዚህ ዓይነት ባትሪ ከ80 እስከ 30 በመቶ ሲወርድ የሚለወጠው 1 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ግምቱ ዋጋ የለውም። ገመዱ እስኪሠራ ድረስ መሙያው 56፣ ማቆያው 54፣ መቁረጫው 49 ቮልት ተደርጎ ነበር፤ የውሃ ባትሪ ማመጣጠኛውም ጠፍቷል። አሁን በ30 በመቶ ላይ ወደ መስመር ይመለሳል።

ፓምፑ ሲነሳ ከፍሪጁ ጋር ከተገጣጠመ ማሽኑ ጭነት በዛብኝ ይላል። በሰዓት መቆጣጠሪያ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እንዲሠራ ተደረገና አለፈ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ

በምጣዱና በአፈሩ መካከል፣ ምጣዱ በርቶ፣ ኢንቨርተሩ በባትሪ እየሠራ፦ ከ1 ቮልት በታች። አርሲዲዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ወርደዋል፤ እሱም ውሃ የገባበት የግቢ ሶኬት ነበር። ባትሪው ንጋት ላይ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 45 በመቶ ይገኛል። የካፖኮርዳው ሙቀት በ2 ኪሎዋት 39 ዲግሪ ነው።

ባለቤቱ አሁንም አንድ ቅሬታ አለው፦ 3.3 ኪሎዋት ፓኔል ገዝቶ ከ2.6 በላይ አይቶ አያውቅም። ቆርቆሮው ላይ ያለ ፓኔል በቀትር 68 ዲግሪ ሲደርስ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ እየቀነሰ 15 በመቶ ያህሉን በሙቀት ብቻ ያጣል፤ የቀረው አቧራና ኬብል ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 400 ዋት ብቻ ሲያይ ደግሞ ፓኔሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ባትሪው ስለሞላ ማሽኑ የሚቀበለው የቤቱን ጭነት ያህል ብቻ ነው፤ ልብስ ማጠቢያ ሲከፈት ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል።

ለሌላ ቤት የሚወሰደው

ባክአፕ ሲለይ ፌዝና ኒውትራል አብረው ይሄዳሉ። ነባር ቤት ላይ ዋጋ ከመስጠት በፊት የብሬከር ሳጥኑን ከፍቶ ኒውትራሎቹን መቁጠር ይገባል፤ ያልተጻፈባቸው ከሆኑ የፍለጋው ቀን በዋጋው ውስጥ ይግባ። ካልገባ አንድ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል።

አርሲዲ መውረድ ሲጀምር የሚጠየቀው «ምን ሲበራ?» ብቻ ሳይሆን «ኢንቨርተሩ በምን እየሠራ ሳለ?» ነው። እዚህ ቤት ሁለተኛው ጥያቄ ቢጠየቅ የሦስት ወሩ ነገር በአንድ ምሽት ያልቅ ነበር።

ምጣድ ባለበት ቤት፣ ምጣዱ ከሶላሩ ጋር ባይያያዝም፣ የመጨረሻው ፍተሻ በሱ ይሁን፦ ምጣዱ በርቶ፣ ኢንቨርተሩ በባትሪ፣ መለኪያው ከብረቱ ወደ እርጥብ አፈር። በምሽት እንጂ በቀን አይደለም።

አርሲዲው ላይ ያለው የ«ቲ» ቁልፍ መሬት መኖሩን አይፈትሽም። ቁልፉ ፌዝን ከኒውትራል ጋር በውስጥ ስለሚያናካ መሬት ባይኖርም፣ ሪሌዩ ባይሠራም ይወርዳል። ስለዚህ ባክአፑ ላይ በባትሪ ጊዜ ከፌዝ ወደ መሬት በሚፈትሽ የአርሲዲ መሞከሪያ መሞከር አለበት። እዚህ ቤት በባትሪም በመስመርም ተሞክሮ ሁለቱም ጊዜ ወርዷል።

ሁለቱ የኒውትራል ባሮች በነጭና በሰማያዊ ፕላስተር ተለይተዋል። በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛው ፊት ላይ በፓርከር ተጽፏል፦ «ነጭ፦ ከኢንቨርተር መውጫ። ሰማያዊ፦ ከቆጣሪ። ሁለቱን አታገናኝ፤ ምጣዱ ይነዝራል።»